የበላተኛ ብዛት

መስከረም 14

ለተከበሩት ጋሼ፣ ለእናቴ ወንድም፣ ለአሳዳጊዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ አሁንም ክሩን ከመርፌው ያገናኛል? እኔ ከናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ፤ የሚዘረጉት ጨርቅ፣ የሚያነሱት መቀስ ይባረክ። ሁለቱን ልጆቼን ዓይን ዓይናቸውን ይሳሙልኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ድስት ነው፤ አይሳቁብኝ። ባለፈው ደብዳቤዎ ትንሿ ፎቶዬን ይዛ «እማዬ ቁመቷ ስንት ነው?» ብላ እንደጠየቀችዎ ጽፈውልኝ ነበር። ያን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ጥያት ስመጣ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንት ሞላት። አባታቸው እንደሆነ ድምፁን ካጠፋ ቆየ። በየዓመቱ «ዘንድሮ እመጣለሁ» እላለሁ፣ በየዓመቱ የትኬቱ ሳይሞላ ይቀራል። ስለዚህ አሰብኩና ቆረጥኩ። ከምልክልዎ ገንዘብ ትልቁን የሚወስደው ምግብ ነው። ከምግቡ ላይ በየሳምንቱ ጥቂት ብናተርፍ፣ እኔም እዚህ ጥቂት ብጨምር፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እደርሳለሁ። የተረፈውን በብስኩቱ ቆርቆሮ ያስቀምጡልኝ፤ ቆርቆሮውን ማንም እንዳይነካው።

እኔ በቀን ሦስት ጊዜ ለሦስት መቶ ሃያ በሽተኛ የማበስል የሆስፒታል አብሳይ ነኝ። ለሦስት ሰው ማቀድ አያቅተኝም። ከዚህ ጋር የላክሁትን የሳምንት የምግብ ዕቅድ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ራስጌው ላይ፣ በስተቀኝ፣ 3 ብዬ የጻፍኩት የበላተኛ ብዛት ነው። በወጥ ቤታችን ይህ ቁጥር ሳይጻፍ ውሃ እንኳ አይጣድም። አለቃችን «ቁጥሩ ከዋሸ ድስቱም ይዋሻል» ትላለች። እርስዎ፣ ትልቋ፣ ትንሿ፤ ሦስት።

ቦሎቄውን ቅዳሜ ይዘፍዝፉና እሁድ ሁሉንም በአንድ እሳት ይቀቅሉት። ግማሹ በሽንኩርትና በቲማቲም የእሁድ ምሳ ይሁን፤ ግማሹ ተደቁሶ ሰኞ ዳቦ ላይ ይቀባ። የተቀቀለበትን ውሃ እንዳይደፉት፤ ማክሰኞ ሩዝ ይበስልበታል። አንድ ኪሎ ምስር አምስት ብርጭቆ ነው። ለሦስት ሰው በአንድ ማዕድ አንድ ብርጭቆ፤ ኪሎው አምስት ማዕድ ይወጣዋል ማለት ነው። ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀል። ካሮቱ ቶሎ እንዲበስል በቁመቱ ይቆረጥ። ገበያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻጮቹ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ይውጡ፤ ደግሞ በልተው ይውጡ፣ የራበው ሰው የማይፈልገውን ይገዛል።

ሽንኩርት የሚጠብቀኝ አንድ ጆንያ አለ። ልሩጥ።

የእርስዎው ልጅ


ጥቅምት 9

ለእሳቷ፣ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የረገጥሽው ይለምልም፣ የነካሽው ይባረክ፣ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን፤ ድስቱ ግን አልፎ አልፎ ይታመምብናል።

ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልክ ስወስድ ኖሬ ለካሮት ልክ ይወጣለታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዕቅድሽን ቤት ካለችው የስፌት መኪናዬ በላይ ለጠፍኩት። «ካሮቱ በቁመቱ ይቆረጥ» ትያለሽ፤ በስንት? አልጻፍሽም። ሜትሬን አወጣሁና ቁመቱን አራት ሴንቲ፣ ውፍረቱን ግማሽ ሴንቲ አድርጌ ቆረጥኩት። ትልቋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጋሼ፣ ካሮት እኮ ነው፣ ኮሌታ አይደለም» ትለኛለች። የመጀመሪያው እሁድ ቦሎቄውን መዘፍዘፍ ረስቼ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠንክሮ ቀረ። አሁን ግን እጄ ገብቷል። ገበያ ላይ አትክልት ሻጯ «ምነው ጋሽ ልብስ ሰፊው፣ ሚስት ሊያገቡ ነው እንዴ ዋጋ መጠየቅ የጀመሩት?» አለችኝ። «የለም፣ ሰው ልናመጣ ነው» አልኳት።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት የሥጋ ሽታ መጣና ትንሿ «እኛስ መቼ ነው የምንበላው?» አለች። መልስ ሳልሰጣት ትልቋ ቀደመችኝ። «ሥጋ ከበላን እማዬ አትመጣም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ትንሿ የሥጋ ስም አንሥታ አታውቅም። እኔ ደስ አላለኝም።

ደግሞ የምሥራች ልንገርሽ። አንቺ ኪሎው ምስር አምስት ማዕድ ይወጣዋል አልሽ፤ እኔ ሰባት ጊዜ አውጥቼው ከታች ገና ጥቂት ቀርቷል! የወጥ ቤት አለቃሽ መጥታ ከእኔ ትማር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ፤ ቆርቆሮው ሲነቀነቅ መጮሁን ትቷል።

አጎትሽ

(እማዬ እኔ ነኝ ትንሿ። ጋሼ ሱሪያቸውን ሁለቴ አጠበቡ። እኔ ቁልፍ መትከል ችያለሁ።)


ኅዳር 2

ለተከበሩት ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቃችሁ። ይህን የምጽፈው ልብስ ማጠቢያ ቤት ቆሜ ነው፤ ፊደሌ ቢዝረከረክ ይቅርታ።

ደብዳቤዎን መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፣ ቀጥሎ እየሄድኩ አነበብኩት፣ የምወርድበትን ፌርማታም አለፍኩት። የምስሩ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። ከአንድ ኪሎ ሰባት ማዕድ ወጥቶ ከተረፈ፣ ያ የሦስት ሰው ልክ አይደለም፤ የሁለት ሰው ልክ ነው። ምስር በእጅ ጥበብ አይበረክትም፤ የሚበረክተው በላተኛ ሲጎድል ነው። ማን ነው የማይበላው? ትልቋ ናት? በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ወፈርን ብለው ይተዋሉ። ወይስ ትንሿ ታማ ደብቃችሁኝ ነው? ሱሪ ማጥበቡስ ምን አመጣው? እባክዎ በግልጽ ይጻፉልኝ፤ ሌት ተቀን ሰሐን ስቆጥር ነው የምውለው።

ዕቅዱን ትንሽ ልቀይረው። የጥቅል ጎመንን የውጭ ቅጠል ሻጮች ይጥሉታል፤ ሊዘጉ ሲሉ ቢጠይቋቸው በነፃ ይሰጣሉ። ግንዱም በስሱ ከተከተፈ ይበላል። አንድ ራስ ጎመን በአንድ ድስት፣ በአንድ እሳት አራት ቀን ይወጣዋል። በሁለተኛው ቀን ውሃ ይጨመራል፣ በሦስተኛው ድንች፣ በአራተኛው የደረቀ ዳቦ። ዘይት ባይኖርም ግድ የለም፤ ሽንኩርት በውሃም ይበስላል፣ ሲለምዱት አያስጠላም።

የዚህ ወር ገንዘብ አነስ ያለው የወር መጨረሻ ስለሆነ ነው። ስለ ሰኔው በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ማሽኑ ቆመ።

ልጅዎ


ኅዳር 28

ለእሳቷ፤

እንደምን ከርመሻል? ሰላምሽ ይብዛ፣ ከፊትሽ ይቅደም ከኋላሽ ይከተልሽ።

ምስሩን ተይው። እኔ ምሳዬን ስፌት ቤት ይዤ ስለምሄድ ሒሳቡ ተዛብቶ ይሆናል። ሱሪውም የእርጅና ነው፤ ሽማግሌ ከወገቡ ይጀምራል። ልጆቹ እንደ ፈረስ ነው የሚበሉት፣ በዚህ አትጠራጠሪ።

አራት ቀን የሚበላውን ጎመንሽን ሞከርነው። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ድስቱን ከፍታ አየችና «ይሄ ሰውዬ ገና አልሄደም?» አለች። ለልጆች አይሆንም ልጄ። አንቺ ልጆችሽን እንዲህ ያለ ነገር አትመግቢም ነበር። ከየት አመጣሽው?

ሌላም ልጠይቅሽ። ድሮ ከወጥ ቤቱ የትዕዛዝ ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር የምትጽፊው፤ ፖስታው ሲከፈት ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። አሁን የደብተር ቅጠል ሆነ፣ ሽታም የለው። ገንዘቡም በወር መጨረሻ የሚያንስ ከሆነ በወር መጀመሪያ መብዛት ነበረበት። ሰኔ ስትይ ደግሞ ሰኔ ስንት? ትልቋ ግድግዳ ላይ ቀን እየሰረዘች ነው፤ የት ድረስ እንደምትሰርዝ ንገሪያት።

አጎትሽ


ጥር 25

ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዛብኝ።

ሰኔ ስንት እያሉ አይጠይቁኝ። ስችል እመጣለሁ። ልጅ የሥጋ ስም እስክትረሳ ድረስ የሚጠራቀም ገንዘብ ይቅርብኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ ነኝ። ቆርቆሮውን ይክፈቱና ለልጆቹ ሥጋ ይግዙላቸው፣ ወተትም ይግዙላቸው። ትልቋ ቀን መሰረዙን ትተው።

አዲስ የሳምንት ዕቅድ አብሮ አለ፤ ከሌሎች ወረቀቶች መሐል መዝዤ በችኮላ ነው የከተትኩት። አሮጌውን አንሥተው ይህን ይለጥፉ። አይቆጡኝ ጋሼ። ደክሞኛል።

ልጅዎ


የካቲት 18

ለእሳቷ፤

ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ጉልበት ይስጥሽ፣ እውነቱን የምትናገሪበት አፍም አብሮ ይስጥሽ።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አዲሱን ዕቅድሽን ትልቋ ልትለጥፍ ተነሣችና ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቆመች። ራሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር 3 አይደለም፤ 1 ነው። ሰኞ፣ ጎመን። ማክሰኞ፣ ያው ጎመን ውሃ ተጨምሮበት። ረቡዕ፣ ከሥራ ቦታ ዳቦ ከተረፈ። ሐሙስ ምንም የለም፣ ሰረዝ ብቻ። ትንሿ «እማዬ ተሳሳተች፣ እኛ እኮ ሦስት ነን» አለች። የላክሽልን የራስሽን ወረቀት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለጥገና የመጣልኝን ልብስ አይቼ ባለቤቱ በየትኛው እጁ ሸክም እንደሚይዝ፣ ከከሳም ምን ያህል እንደከሳ እነግርሻለሁ። ወረቀቶችሽን ጠረጴዛ ላይ በየተራ ዘረጋኋቸው። የመጀመሪያው ዳር ዳሩን ዘይት ነክቶታል። ሁለተኛው ንጹሕ ነው። አንድ ድስት፣ አንድ እሳት፣ ያለ ዘይት፣ ሻጭ የጣለው ቅጠል። ይህን ሁሉ የሆስፒታል ወጥ ቤት አያስተምርም፣ ማጣት ነው የሚያስተምረው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ እኔው ያሳደግኋት ልጅ ኖራለች። ወጥ ቤቱ የለም፣ አይደል?

አሁን የእኔን ስሚ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ምስር ነው። ከመስከረም ጀምሮ እራቴን ትቼ ነበር። እነሱ ሲቀርቡ «ሥራ አለብኝ፣ እናንተ ብሉ» እልና ፊቴን ወደ መኪናዬ አዞራለሁ። ቆርቆሮው ቶሎ እንዲሞላ ብዬ ነው። ከዚያም ባለማወቄ ምስሩ በረከተልኝ ብዬ ለአብሳይ ጉራ ነዛሁ። ጅል ሽማግሌ!

የአንቺ ወረቀት የመጣ ዕለት ግን ትልቋ እርሳስ አነሣችና በአሮጌው ዕቅድ ላይ 3ን ሰርዛ 2 ጻፈች። «ምነው?» አልኳት። «እውነቱ እሱ ነዋ። እዚህ ቤት እራት የሚበላው ሁለት ሰው ነው። ቁጥሩ ከዋሸ ድስቱም ይዋሻል ተብሏል» አለችኝ። ቀጥላ ሰሐኔን አምጥታ መኪናው ላይ፣ ልክ መርፌው ሥር አስቀመጠችው፤ ካልበላሁ መስፋት የለም። በላሁ። እስክጨርስ ድረስ ቆማ አየችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት እበላለሁ፤ ሱሪዬንም መልሼ አሰፋሁት።

ቆርቆሮውን ለሥጋ ክፈቱት ብለሽ ነበር። አልከፈትኩትም። ሥጋውን ከራሴ ኪስ አንድ እሁድ ገዛሁና ለትንሿ «ሥጋም ብንበላ እማዬ ትመጣለች» ብዬ ቃል ገባሁ። ቆርቆሮውን ይዤ የሄድኩት ትኬት ቢሮ ነው። ከዚህ ሆኖ መግዛት ይቻላል። ጸሐፊዋ ሳንቲም ስትቆጥር የምሳ ሰዓቷ አለፈባት። ጥቂት ጎድሎ ነበር፣ ሁለት ኮት ሰፍቼ ሞላሁት። ትኬቱ በስምሽ ተቆርጧል፤ ቀኑ ብቻ ክፍት ነው።

«ባዶ እጄን እንዴት ብዬ» እንደምትዪ አውቃለሁ። እዚያ ካጣሽው እዚህ የምታጪው አይበልጥም። በስፌት ቤታችን ካሉት አሥራ አንድ ሰፊዎች ውስጥ አምስቱ ምሳዬን አይተው «ለእኛም በክፍያ ያምጡልን» ካሉኝ ወር አለፈ። እኔ ጨርቅ ቀዳጅ ነኝ እንጂ አብሳይ አይደለሁም፤ አንቺን እየጠበቁ ነው። ደግሞ በድሮው ልክሽ የቀሚስ ጨርቅ ቆርጬልሽ ነበር፣ አሁን ግን ልክሽን አላምነውም። መጥተሽ ትለኪያለሽ። ትንሿም ቁመትሽን ከእኔ አፍ መስማት ሰልችቷታል።

ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ወረቀትሽ ራስ ላይ ያለውን ቁጥር አስተካክይ። ቃሌን እንዳታሳጥፊኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 15

ለጋሼ፣ ለአባቴ፤

እንደምን አላችሁ? ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ከእኔ ዕድሜ ተቀንሶ ይጨመርልዎ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሆነው። በመጀመሪያው ቀን ተናደድኩ፤ ክፍሌ ውስጥ ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው፣ ያንኑ ስመላለስ ዋልኩ። በሁለተኛው አለቀስኩ። ዛሬ ልንገርዎ።

ወጥ ቤቱ የተዘጋው ጥቅምት ላይ ነው። ምግቡ አሁን ከፋብሪካ ታሽጎ በመኪና ይመጣል። ትልልቆቹን ድስቶች ሸጧቸው፤ አራት ሰው ተሸክሞ ሲያወጣቸው ቆሜ አየሁ። አለቃችንን ከነሠራተኞቿ አሰናበቷት፣ እኔን በሳምንት ሦስት ቀን ትሪ አጣቢ አደረጉኝ። ከበሽተኞቹ የሚመለሰው ምግብ አብዛኛው ሳይነካ ነው የሚመለሰው። ስንት ሰው እንደበላ፣ ስንቱ እንደተወ የሚጽፍ የለም። እኔ አብሳይ መሆኔ ትዝ የሚለኝ ለእርስዎ ዕቅድ ስጽፍ ብቻ ነበር፤ ለዚህ ነው ያላቋረጥኩት። ያልነገርኩዎ ደግሞ አፍሬ ነው። ሦስት መቶ ሃያ ሰው ያበላሁ ሴት ራሴን ማብላት አቃተኝ ከምል «በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ» ማለት ቀለለኝ።

ሐሙስ ላይ ያለውን ሰረዝ ልጄ በዓይኗ አይታዋለች። ልጅ የእናቷን ባዶ ሰሐን ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ! ቁጥሩን ሰርዛ እውነቱን በመጻፏ ግን፣ ጋሼ፣ ኮራሁባት። ከእኔም ከእርስዎም እሷ ትሻላለች።

የማጠቢያውን ጓንት መልሻለሁ። የክፍሉንም ቁልፍ እመልሳለሁ። ትኬቱ ላይ ሚያዝያ 12 ብለው ያስጽፉልኝ፤ እሁድ ነው። ባዶ እጄን ነው የምመጣው፤ አለቃችን ስትሰናበተኝ የሰጠችኝ አንድ ጭልፋ አለች፣ እሷን እይዛለሁ። ለአምስቱ ሰፊዎች ቁጥሩን እዚያው ደርሼ እጽፍላቸዋለሁ። ትንሿ ከበሩ ጀርባ ትቁምና ቁመቴን በሜትርዎ ራሷ ትለካ።

ግድግዳው ላይ ያለውን፣ 2 የሚለውን ያንሡት፤ 1 የሚለውንም ይቅደዱት። በዚህኛው አልተሳሳትኩም፤ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ትልቋ ትለጥፈው።

የበላተኛ ብዛት፦ 4

ቅዳሜ፦ ቦሎቄ ይዘፍዘፍ፤ ጋሼ እንዳይረሱ።

እሁድ፦ ምስር፣ አንድ ብርጭቆ ከሲሶ። ሲሶዋ የእኔ ናት፤ ሳልደርስ እንዳትበሉብኝ።